የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክበባትና የሕፃናት መብት፡- ከአዳራሽ እስከ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት

ሰኔ 9 ቀን በየዓመቱ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሆኖ ይከበራል። ዕለቱ የተመረጠው በ1968 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ የወጣውን መመሪያ ተቃውመው አደባባይ የወጡ ተማሪዎች በአፓርታይድ ፖሊሶች ጥይት የወደቁበትን ቀን ለማሰብ ነው። በአፍሪካ አንድነት ድርጅት አማካይነት ቀኑ በአህጉር ደረጃ መከበር የጀመረው በ1983 ዓ.ም ሲሆን፣ አህጉሪቱ ለሕፃናቷ የሰጠችው ቀን የተማሪዎች ቀን ጭምር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ግቢ ውስጥ ግን ሰኔ አብዛኛውን ጊዜ የፈተና ወር ነው። በመሆኑም ለሕፃናትና ለወጣቶች መብት የቆሙ የተማሪዎች ክበባት ዕለቱን የሚያከብሩት አንድም ቀደም ብለው በግንቦት፣ አንድም በጥድፊያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሽ ይጠየቃል፤ ባነር ይሰቀላል፤ የክብር እንግዳ ይጠበቃል፤ ግጥምና አጭር ድራማ ይቀርባል። ይህ ጸሐፊ በሥራው አጋጣሚ እንዲህ ባሉ መድረኮች ላይ ሲገኝ ያስተዋለው ነገር ቢኖር፣ ቁም ነገር ያላቸው ጥያቄዎች የሚነሡት አብዛኛውን ጊዜ የክብር እንግዳው ከሄዱ በኋላ መሆኑን ነው። ከእነዚህም መካከል መልኩን እየለዋወጠ በየመድረኩ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «በቀበሌያችን አንዲት ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ ልትዳር ነው፤ ለማን እንንገር?» የሚል ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጠያቂው ተማሪ አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ ወደ ማደሪያው የሚመለስበት ምክንያት የክበቡ ድክመት ብቻ ሳይሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሠራር ጭምር በመሆኑ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል።

በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከግቢው ወጥቶ ለገጠሩ ልጅ እንዲቆም ሲጠበቅ የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ወርዶ የማገልገል ግዴታ ነበረበት፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ነበር ያገለገሉት። በ1967 ዓ.ም የታወጀው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ሁለቱም በራሳቸው ዘመን ፖለቲካ የሚመዘኑ ቢሆኑም፣ ከዛሬዎቹ ክበባት የሚለያቸው አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ያኔ ተማሪው የሚሄድበት ቦታ፣ የሚቆይበት ጊዜና የሚቀበለው አካል አስቀድሞ ይወሰን ነበር። የዛሬው የክበብ አባል ፈቃደኝነቱን እንጂ ተቀባዩን ይዞ አይነሣም።

የአሁኖቹ ክበባት ከእነዚያ ዘመቻዎች ይልቅ በ1990ዎቹ በየትምህርት ቤቱና በየኮሌጁ ለተስፋፉት የፀረ ኤድስ ክበባት ይቀርባሉ። በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ውይይት ማካሄድ፣ በሚኒ ሚዲያ መልእክት ማስተላለፍ፣ በድራማ ማስተማር ከዚያ የተወረሱ ልማዶች ናቸው። የፀረ ኤድስ ክበባቱ ዝምታን በመስበር ረገድ የሠሩት ሥራ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ከእነርሱ የተወረሰው አሠራር መልእክት ማስተላለፍን እንጂ አንድን ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከታተልን አያውቅም። ስለ በሽታ መከላከል ለሺህ ተማሪ በአንድ ጊዜ መናገር ይቻላል። ልትዳር የታጨችን አንዲት ልጅ ግን በመልእክት ብቻ ማዳን አይቻልም፤ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ትምህርት ቤቷንና ቀበሌዋን የያዘ ወረቀት ከአንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ መድረስ፣ ደርሶም መልስ ማግኘት ይኖርበታል።

በ2001 ዓ.ም የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ለዚህ ልማድ አስተዋጽኦ አላደረገም ማለት አይቻልም። አዋጁ በሕፃናት መብት ላይ የመሥራትን ጉዳይ ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከአሥር በመቶ ለማይበልጥ የኢትዮጵያ ድርጅቶችና ማኅበራት ብቻ የተወ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ክበባት በአብዛኛው በተማሪዎች አገልግሎት ሥር የሚንቀሳቀሱ እንጂ በራሳቸው ሕጋዊ ሰውነት ያላቸው ማኅበራት ስላልነበሩ አዋጁ በቀጥታ አልነካቸውም። ይሁንና ሥልጠና ይሰጧቸው፣ መጽሐፍ ያሳትሙላቸው የነበሩ ድርጅቶች «መብት» የሚለውን ቃል ትተው ወደ አገልግሎት አቅርቦት ሲዞሩ፣ ክበባቱም አብረው ዞሩ። ደብተርና ሳሙና ማከፋፈል ዋነኛ ሥራቸው ሆነ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቶ ገደቡ ቢነሣም፣ ያኔ የተለመደው የሥራ ዘይቤ ግን በአዋጅ አይሻርም።

የሕግ እጥረት አለ ሊባል አይችልም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ጉልበታቸውን ከሚበዘብዙ ልማዶች እንዲጠበቁ፣ በትምህርት ቤቶችም ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ፣ ሕፃናትን በሚመለከት ሁሉ የሕፃናት ደህንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ደንግጓል። የ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ለጋብቻ ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ የፈጸመን ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት እንደሆነ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች እንደሆነች ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። የሕፃናት ደህንነት ይቅደም የሚለው ሐረግ የመድረክ መፈክር ብቻ እንዳልሆነም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ አሳይቷል። ችሎቱ ይህንኑ መርሕ ከሕገ መንግሥቱና ከዓለም አቀፉ ስምምነት ጠቅሶ፣ ልጁን ለዓመታት ትቶ ከቆየ አባት ይልቅ ያሳደገችው አክስት ዘንድ እንዲቆይ ወስኗል። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ የሚገኝን ፍርድ ቤት የሚያስገድድ በመሆኑ፣ ውሳኔው ለአንድ ልጅ ብቻ የተሰጠ አይደለም።

ችግሩ ያለው በሕጉና በልጅቱ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። የ2008 ዓ.ም የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል 40 በመቶ የሚሆኑት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ማግባታቸውን አመልክቷል። ይህም ማለት ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሴት ተማሪ የዕድሜ እኩዮች መካከል ከአምስት ሁለቱ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ በሚገባቸው ዕድሜ በትዳር ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም ለንደን ላይ በተካሄደ ጉባኤ አገራችን ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስወገድ የገባችው ቃል የጊዜ ገደቡ የአውሮፓውያኑ 2025 ነበር። ቁጥሮቹ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት መሻሻል ማሳየታቸው ባይካድም፣ ከተያዘው ግብ ጋር የሚገናኙ አልነበሩም።

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። እንበልና አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከአገር ቤት ስልክ ተደወለለት። የጎረቤት ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከታላቅ እኅቷ ሠርግ ጋር ደርባ ልትዳር ነው። ወጪን ለመቀነስ ሁለት ልጆችን በአንድ ድግስ መዳር፣ የትንሿንም ነገር በትልቋ ሠርግ መሸፈን በአንዳንድ አካባቢዎች የታወቀ ነው። ተማሪው ለክበቡ ሰብሳቢ ይነግራል። ሰብሳቢው ወደ ተማሪዎች ዲን ይሄዳል። ዲኑ ጉዳዩ ከግቢ ውጭ ስለሆነ ለወረዳው ደብዳቤ እንዲጻፍ ይመክራሉ። ደብዳቤ ለመጻፍ ማኅተም ያስፈልጋል፤ ክበቡ ማኅተም የለውም። በዚህ መካከል ሳምንት ያልፋል። ሠርጉ ግን ለዲኑ ፊርማ ብሎ ቀኑን አያሸጋግርም።

እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ በሕግ የማያስፈልግ መሆኑን ነው። የ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11 ወንጀል ሲፈጸም ባያይም እንኳ ማንኛውም ሰው ለማመልከት መብት እንዳለው ከደነገገ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ተማሪው ማኅተምም ደብዳቤም ሳይዝ፣ በስልክ የሰማውን ይዞ ለፖሊስ ማመልከት ይችላል። ይህን የሚያውቅ የክበብ አባል ስንቱ ነው? ይህን የሚያውቅ የበር ጠባቂና የመዝገብ ቤት ሠራተኛስ?

ደብዳቤው ይጻፍ ቢባል እንኳ አድራሻው ማን ነው የሚለው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በፌዴራል ደረጃ የሕፃናትን ጉዳይ የያዘው መሥሪያ ቤት በ2003 ዓ.ም የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር። በ2008 ዓ.ም ወጣቶች ወደ ስፖርት ተዛወሩ። በ2011 ዓ.ም ተመልሰው መጡ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተብሎ ተዋቀረ። መዋቅር በተለወጠ ቁጥር በክልል፣ በዞንና በወረዳም ሰሌዳ ይለወጣል፣ ቢሮ ይለወጣል፣ ሠራተኛ ይመደባል። ከአዲስ አደረጃጀት የሚገኝ ጥቅም ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀ የክበብ ሰብሳቢ ለተተኪው ትቶለት የሄደው የስልክ ቁጥር ዛሬ የሌላ ሥራ ሂደት ቁጥር ነው።

የዕድሜ ክልሎች መደራረብም እንዲሁ። በስምምነቱ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ሕፃን ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ደግሞ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ስለዚህ ከ15 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በአንድ ጊዜ ሕፃንም ወጣትም ነው። በወረቀት ላይ ይህ እጥፍ ጥበቃ ይመስላል። በተግባር ግን አንዱ ክፍል የሌላው ነው ብሎ የሚተወው ዕድሜ ይኸው ነው። ሥራ ፍለጋ ከቤት የወጣ የ16 ዓመት ልጅ በሕፃናት ክፍል ዘንድ «ትልቅ ሰው» ነው፤ በወጣቶች ክፍል ዘንድ ደግሞ ለመደራጀትና ለብድር ዕድሜው ያልደረሰ።

ከሁሉም የከበደው ግን የዕድሜ ማስረጃ ነው። ፖሊስ ዘንድ ቢደረስ እንኳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዕድሜዋ ስንት ነው?» የሚል ነው። አባት 18 ነች ይላል፤ መምህሯ 13 ነች ይላል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም ቢሆንም ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የዳሰሳ ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሦስት በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ምዝገባው ሲጀመር የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ የነበረችው ዛሬ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች እየተባለች በምትታጭበት ዕድሜ ላይ ትገኛለች። ማስረጃ ስለሌላት ዕድሜዋ በሐኪም ግምት ይወሰናል፤ ግምት ደግሞ እንደስሙ ግምት ነው።

ክበባቱ አዳራሽ ከማስዋብ የበለጠ ሊሠሩበት የሚችሉት አንዱ ቦታ እዚህ ላይ ይመስላል። ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው። በክረምት ወደየቀበሌው የሚመለስ ተማሪ የጎረቤቱን አራስ ቤት ያውቃል፤ የቀበሌውን መዝጋቢም ያውቃል። ለዚህ ሥራ በጀት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው መዝጋቢው በሥራ ገበታው ላይ መገኘቱና ቅጽ አለማለቁ ነው።

ለጋብቻው ጉዳይ ግን ክረምት አይሆንም። ገጠር የሚሠረገው እህል ከተሰበሰበ በኋላ በጥርና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። ክረምት ዘር የሚዘራበት እንጂ ድግስ የሚደገስበት ወቅት አይደለም። ተማሪው ደግሞ አገር ቤት የሚሆነው በክረምት ነው፤ በጥር በግቢው ውስጥ ወይም በፈተና ላይ ነው። በየዓመቱ በክረምት የሚካሄደው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ያለ ዕድሜ ጋብቻን በዕቅዱ ውስጥ ሲያካትት ይህን ያጤነ አይመስልም። ሆኖም ሽምግልና የሚላከውና እጮኝነቱ የሚታሰረው ከሠርጉ ብዙ ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ ክረምቱ ማስቆሚያ ባይሆን ማወቂያ ይሆናል። በነሐሴ የታወቀ እጮኝነት በመስከረም ለርእሰ መምህሩ ቢነገር፣ ርእሰ መምህሩም ልጅቱ ተመዝግባ እንደሆነ ቢከታተል፣ በጥር የፖሊስ ሩጫ ላያስፈልግ ይችላል። በዚህ ላይ ከቀበሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባች ሴት ተማሪ በአባቶች ፊት ያላትን ሞገስ ማንም ሠልጣኝ ባለሙያ በአንድ ቀን ሊያገኘው አይችልም። ልጃቸውን ለመዳር ያሰቡ አባት እርሷን ሲያዩ የሚያስቡት ሌላ ነገር ነው።

በክበባቱ በኩልም ሊታረሙ የሚገባቸው ጉዳዮች አሉ። የክበብ አመራር ዕድሜ አጭር ነው። ሰብሳቢው በሦስተኛ ዓመቱ ይመረጣል፣ በአራተኛው ይመረቃል፤ ሲሄድ የሚያስረክበው ባነርና የፎቶግራፍ ስብስብ ነው። የተጀመሩ ጉዳዮችን፣ ያነጋገሩትን ኃላፊ፣ የተገኘውን መልስ የሚያሳይ መዝገብ የሚያስረክብ ሰብሳቢ ብርቅ ነው። የተማሪዎች አገልግሎት ክፍሎች ለክበባት ዓመታዊ ሪፖርት ሲጠይቁ የተሳታፊ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ያልተዘጉ ጉዳዮችን ዝርዝር ቢጠይቁ ለውጡ ቀላል አይሆንም።

ሌላው የምስጢር ጉዳይ ነው። በበዓላት ሰሞን ወላጅ ያጡ ሕፃናት ወደሚገኙባቸው ማሳደጊያዎች ሄዶ ከሕፃናቱ ጋር ፎቶግራፍ መነሣት፣ በማግሥቱም በፌስቡክና በቴሌግራም መልቀቅ የተለመደ ሆኗል። በቅንነት የሚደረግ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን «ከጋብቻ የዳነች» ተብላ ፊቷ በየስልኩ የዞረ ልጅ የምትኖረው በዚያው መንደር፣ ከዚያው ቤተሰብ ጋር ነው። መብቷን ለማስከበር የተነሣ ክበብ የመጀመሪያውን ጉዳት ራሱ ማድረስ የለበትም። በነገራችን ላይ በዚህ ረገድ እኛ የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም።

የልጅቱ ፈቃድም አብሮ መነሣት አለበት። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ክበባቱ ስለ ሕፃናት ሲናገሩ ይሰማሉ፤ ከሕፃናት ጋር ሲነጋገሩ ግን እምብዛም አይታይም። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ቋሚ ግንኙነት ያለው ክበብ ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል። የአዲስ ገቢ ተማሪዎች ራሳቸው፣ አንዳንዶቹ 18 ዓመት ያልሞላቸው በመሆናቸው፣ በሕጉ ዓይን ገና ሕፃናት መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም።

በርካታ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው ክበቡና ማዕከሉ ሳይተዋወቁ መኖራቸው የሚያስገርም ነው። የክበቡ አባል የሰማውን ለማዕከሉ ቢያደርስ፣ ማዕከሉ ደግሞ አቤቱታውን በሕግ አግባብ ጽፎ ለሚመለከተው ቢልክ፣ ማኅተም ፍለጋ የሚባክነው ሳምንት ይቀራል። ለዚህ የሚያስፈልገው በሁለቱ መካከል የሚፈረም አንድ ገጽ ስምምነት ነው።

የቀረው የተቀባዩ ድርሻ ነው። በወረዳ ደረጃ የሕፃናትን ጉዳይ የያዘ ባለሙያ ከተማሪ የሚደርሰውን ጥቆማ የሚመዘግብበት መዝገብ ሊኖረው፣ ለጠቋሚው ቀኑና የመዝገብ ቁጥሩ ያለበት ማረጋገጫ ሊሰጥ፣ ባለሙያው ሲዛወርም መዝገቡ በቢሮው ሊቀር ይገባል። ተማሪ ነው፣ ነገ ይሄዳል ተብሎ የሚታለፍ ጥቆማ የልጅቱን ጉዳይ ይዞ ይሄዳል። የወረዳው ባለሙያ ስምና ስልክ በመስከረም የምዝገባ ሳምንት በየዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው። ከጥር በፊት መለጠፍ አለበት።